ሊብሬ ለመቀየር ሞተር አይወርድም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። «ላፕቶፑን ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ገዛሁት። ዴል ነው፤ ከዱባይ የገባ ነው ብለውኛል። ሰሞኑን በከፈትኩት ቁጥር የዊንዶውስ ላይሰንስዎ በቅርቡ ያበቃል የሚል መልእክት ይመጣል። ኮምፒውተር ቤት ስወስደው ፎርማት ካልሆነ አይስተካከልም አሉኝ። ፒችትሪ ላይ የሦስት ዓመት ሒሳብ አለኝ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም አለ። የጫነልኝ ልጅ ደግሞ አሁን አገር ውስጥ የለም። ሌላው ሳይነካ ላይሰንሱን ብቻ መቀየር አይቻልም?»

ይቻላል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሊብሬው ወደ ስምዎ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይወርድም። የዊንዶውስ ላይሰንስም እንደዚያው ነው። ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው፤ ላይሰንሱ ደግሞ ያንን ፕሮግራም ለመጠቀም የተሰጠ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲቀየር ፒችትሪ አያውቀውም፣ ፓወር ግዕዝም አያውቀውም። እንዲያውም የእርስዎ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ወረቀት ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በሆዱ ይዞት ሊሆን ይችላል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ታዲያ ለምን ፎርማት አሉዎት? ክፋት አይደለም። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ለሠራተኛው ይቀለዋል። ፍላሹን ይሰካል፣ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ሲመለስ አልቋል። ሁለት ቀን የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ነው። ከፎርማቱ በኋላ የሚጫንልዎትም ብዙ ጊዜ ያው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ዊንዶውስ ስለሆነ፣ ከወራት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ራስዎን ያገኙታል።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ግን ባክአፕ፤ የመረጃዎን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ኮምፒውተር ፎርማት አደረግኩ። ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትስን፣ ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ ሳይቀር ገልብጬ ነበር፤ በራሴም ኮርቼ ነበር። ማታ ተደወለልኝ፤ «ሒሳቡስ?» ፒችትሪ መረጃውን ዶክመንትስ ውስጥ እንደማያስቀምጥ ያን ቀን ነው የተማርኩት። በራሱ ፎልደር ሥር፣ ካምፓኒ በሚል ስም ነው የሚያስቀምጠው። የዓመት ሒሳብ ከደረሰኝ ላይ እንደገና ተመዘገበ። ያ ደንበኛ ዛሬም ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ኮምፒውተር ግን አምጥቶልኝ አያውቅም።

ስለዚህ ፒችትሪን ይክፈቱ፣ ፋይል የሚለውን ይጫኑ፣ ባክአፕ የሚለውን ይምረጡና ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ሁለት ፍላሽ ካለዎት ሁለቱም ላይ። ከአንድ በላይ ድርጅት የሚይዙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው የሚደረገው። ላይሰንስ መቀየር ፋይል አይነካም፤ ነገር ግን መብራት መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለም።

አሁን መልእክቱን እናንብበው። «በቅርቡ ያበቃል» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ለግለሰብ የሚሸጥ የዊንዶውስ ላይሰንስ አያልቅም፤ አንዴ ከተገዛ ዕድሜ ልክ ነው። የሚያልቀው የድርጅት ላይሰንስ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁልፍ፣ ማለትም ላይሰንሱን የሚያጸድቅ የፊደልና የቁጥር ኮድ፣ አይገዙም። በቢሯቸው ሌሎቹን የሚያገለግል አንድ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ ያቆማሉ፤ ኬኤምኤስ ይባላል። የቢሮው ኮምፒውተሮች በየ7 ቀኑ ሰርቨሩን «አለሁ» ይሉታል፣ እሱም 180 ቀን ይሰጣቸዋል። ኮምፒውተሩ ከቢሮው ወጥቶ ሰርቨሩን ማግኘት ካቃተው 180ው ቀን ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፣ ሊያልቅ ሲቃረብ እርስዎ የሚያዩት መልእክት ይመጣል። ዱባይ የአንድ ድርጅት ንብረት የነበረ ላፕቶፕ ተሽጦ አዲስ አበባ ሲገባ ያ ሰርቨር አብሮት አይመጣም።

«እኔ ግን ሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ 180 ቀን እኮ ስድስት ወር ነው» ይሉኝ ይሆናል። ትክክል ነዎት። ሁለተኛው ዕድል እዚህ ላይ ይመጣል። አክቲቬተር የሚባሉት የክራክ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚሠሩት ዊንዶውስን በማታለል ነው። እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ የውሸት ኬኤምኤስ ሰርቨር ይተክላሉ። ዊንዶውስ ቢሮ ያለ ይመስለዋል፣ በየጊዜውም 180 ቀኑ ይታደሳል። አንድ ቀን ዲፌንደር ወይም ሌላ ፀረ-ቫይረስ ያን ፕሮግራም ያገኘውና ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ የሚያድስ የለም። የእርስዎ ላፕቶፕ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ሰሞኑን የተናገረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መገመት ትተን ላፕቶፑን ራሱን እንጠይቀው። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ጥቁሩ መስኮት በፍለጋው ሲመጣ ቀኙን የማውዝ ቁልፍ ተጭነው እንደ አስተዳዳሪ ክፈት የሚለውን ይምረጡ። ትእዛዙን በስልክ እንደምነግርዎ ልንገርዎ፦ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር። አምስቱም የተያያዙ ናቸው። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ያዘመመው ስላሽ፣ ቀጥሎ ኤክስ፣ ፒ፣ አር። ኢንተር ይጫኑና ትንሽ ይጠብቁ። አነስ ያለች ሳጥን ትመጣለች። «ፐርማነንትሊ አክቲቬትድ»፣ ማለትም ለዘለቄታው ጸድቋል፣ ካለች ችግር የለም ማለት ነው፤ በእርስዎ ግን ቀን ጽፋ ትመጣለች ብዬ እጠብቃለሁ። ያ ቀን ላይሰንሱ የሚያበቃበት ነው።

አሁን ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት፤ ከስላሹ በኋላ ግን ዲ፣ ኤል፣ አይ ይጻፉ። የምትመጣውን ሳጥን በስልክዎ ፎቶ ያንሷት። በመጀመሪያው መስመር የዊንዶውሱ ዓይነት አለ፦ ሆም፣ ፕሮፌሽናል ወይም ኢንተርፕራይዝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ደግሞ ቻነል የሚለው ቃል አጠገብ ምንጩ ተጽፏል። «ኬኤምኤስ ክላየንት» የሚል ካለ ግምቴ ትክክል ነው። «ኦኢኤም» የሚል ካለ ከፋብሪካ የመጣ ላይሰንስ ነው። «ሪቴይል» የሚል ካለ በችርቻሮ የተገዛ ነው፣ ወይም ከላፕቶፑ ሃርድዌር ጋር የተመዘገበ ዲጂታል ላይሰንስ ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ የቁልፉ የመጨረሻ አምስት ፊደላት አሉ። ፕሮፌሽናል ሆኖ ቲ83ጂኤክስ ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ እሱ ማይክሮሶፍት ለኬኤምኤስ ደንበኞች በይፋ ያወጣው ቁልፍ ነው። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ብቻውን ምንም ፈቃድ አይሰጥም። ሰዎች «ቁልፍ አስገብቼልሃለሁ» ብለው ገንዘብ ሲቀበሉበት አይቻለሁ።

አሁን በሆዱ ይዞት ሊሆን ይችላል ወዳልኩት እንምጣ። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣ ወዲህ፣ ከነዊንዶውሱ የሚሸጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ከታች በስቲከር መለጠፉ ቀርቷል። ፋብሪካው ቁልፉን እናት ቦርዱ ላይ፣ ባዮስ የሚባለው ቦታ ውስጥ ይጽፈዋል። ፎርማት ቢደረግ አይጠፋም። ሃርድ ዲስኩ ቢቀየርም አይጠፋም። ለቢሮ ተብለው የሚሠሩት የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የፕሮፌሽናል ቁልፍ ተጽፎባቸው ነው የሚወጡት። የገዛቸው ድርጅት በላዩ የራሱን ኢንተርፕራይዝ ይጭንበታል፤ የታችኛው ቁልፍ ግን ተኝቶ ይቀራል። ሰው ሳያውቀው የከፈለበትን ነገር ይዞ እየዞረ ክራክ ይፈልጋል።

ቁልፉን ለማየት ቀላሉ መንገድ ከማይክሮሶፍት ስቶር በነፃ የምትገኘው ሾው ኪይ ፕላስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። ስትከፈት ሁለት ቁልፍ ታሳያለች፦ አንዱ አሁን የተጫነው፣ ሌላው ኦኢኤም ኪይ ተብሎ ከባዮስ የተነበበው። አጠገቡም ለየትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ ትጽፋለች። ባለ 25 ፊደል ቁልፍ ካሳየችዎ ወረቀት ላይ ይገልብጡት። ቢና 8ን፣ ዲና ኦን እንዳያምታቱ ይጠንቀቁ። ቦታው ባዶ ከሆነ ላፕቶፑ ቁልፍ የለውም ወይም ከዊንዶውስ 8 በፊት የተሠራ ነው።

ከማስገባትዎ በፊት የውሸቱን ሰርቨር ማባረር አለብን። አለበለዚያ አዲሱ ቁልፍ ከገባ በኋላም ያ ፕሮግራም ተነስቶ የራሱን መልሶ ሊያስገባ ይችላል። እኔ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል፤ ያስገባሁት ቁልፍ በማግስቱ ተቀይሮ አገኘሁት። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው፣ ቫይረስ መከላከያው ሥር ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ይፈልጉ። እርስዎ የማያውቁት ፎልደር እዚያ ከተዘረዘረ ያውጡት። ክራክ የሚጭኑ ሰዎች ዲፌንደር እንዳይነካው ብለው ነው እዚያ የሚያስገቡት። ለዘበኛው «ይህን ሰውዬ አትፈትሸው» እንደማለት ነው። ለዚህም ነው ክራክን የምጠላው፤ ሒሳብዎና የባንክ ይለፍ ቃልዎ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ማንም የማይፈትሸው እንግዳ ተቀምጧል። ከዚያ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ይምረጡ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳና ሩብ ሰዓት ያህል ይፈትሻል። ሲጨርስ ወደ ጥቁሩ መስኮት ይመለሱ፤ ያንኑ አምስት ፊደል ጽፈው ከስላሹ በኋላ ሲ፣ ኬ፣ ኤም፣ ኤስ ይበሉ። ይህ የተመዘገበውን የኬኤምኤስ ሰርቨር ስም ይሰርዛል።

ቁልፉን ማስገባቱ አሁን የደቂቃ ሥራ ነው። ኢንተርኔት ያገናኙ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን፣ ከዚያ ቼንጅ ፕሮዳክት ኪይ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ አክቲቬሽን የሚገኘው አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ነው። 25ቱን ፊደል ይጻፉ፤ ሰረዙን ራሱ ያስገባል። የተጫነው ኢንተርፕራይዝ ሆኖ ቁልፉ የፕሮፌሽናል ከሆነ አይደንግጡ። ከኢንተርፕራይዝ ወደ ፕሮፌሽናል ቁልፍ በመቀየር ብቻ መውረድ ይቻላል፤ ሪስታርት ይጠይቅዎታል፣ ፕሮግራሞቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከሆም ወደ ፕሮፌሽናል መውጣትም እንዲሁ። ይህ ግን ኤልቲኤስሲ ለሚባለው ልዩ ኢንተርፕራይዝ አይሠራም፤ ሳጥኑ ላይ ያንን ቃል ካዩ ይቁሙና ይጻፉልኝ።

የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው። ባዮስ ውስጥ ያለው ቁልፍ የሆም ሆኖ ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ፕሮፌሽናል ከሆነ፣ ቁልፉ እውነተኛ ቢሆንም አይቀበልም። ከፕሮፌሽናል ወደ ሆም በቁልፍ ብቻ መውረድ የለም። ሬጂስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ ውስጥ ገብቶ የዊንዶውሱን ስም ቀይሮ፣ በላዩ ሆምን የሚጭን ዘዴ አለ። ሞክሬዋለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል። ሒሳብ ባለበት ማሽን ላይ ግን አላደርገውም፣ እርስዎም አያድርጉት። እንዲህ ከሆነ የፕሮፌሽናል ቁልፍ መግዛት ይሻላል።

ስህተት ቢመጣ ኮዱን ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ጅራቱን ይዩ። በኤፍ074 ካለቀ ዊንዶውሱ አሁንም የኬኤምኤስ ሰርቨር እየፈለገ ነው፤ አዲሱ ቁልፍ አልገባም ማለት ነው። በኤፍ050 ካለቀ ቁልፉ ተሳስቷል ወይም ለዚህ ዓይነት ዊንዶውስ አይደለም። በሲ008 ካለቀ ቁልፉ ከተፈቀደው በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ገብቷል። በሲ003 ካለቀ ማይክሮሶፍት ዘግቶታል፤ ከዚያ በኋላ ልመና የለም። ባዮስ ውስጥ የተገኘው ቁልፍ የዊንዶውስ 8 ከሆነ ደግሞ እንቢ ሊል ይችላል። በድሮ ቁልፍ ወደ 10 እና 11 በነፃ መግባት ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ማይክሮሶፍት በሩን መዝጋቱን አስታውቋል። መሞከር ግን አይከፈልበትም።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር ዱሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በኤክስፒ ዘመን ቁልፍ ለመቀየር ሬጂስትሪ ውስጥ ገብተን አንድ መስመር ላይ ጥቂት ፊደላት እያጠፋን፣ ከዚያ የአክቲቬሽኑን መስኮት በትእዛዝ እየጠራን ነበር። ስተው ሌላ መስመር የነኩ እንደሆነ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሊል ይችል ነበር። «ፎርማት ይሻላል» የሚለው ልማድ የመጣው ከዚያ ዘመን ይመስለኛል። ዘመኑ አልፏል፤ ልማዱ ቀርቷል።

ባዮሱ ባዶ ከሆነ ወይም ቁልፉ ካልሠራ መግዛት ሊኖርብዎ ነው። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ዊንዶውስ 11 ሆምን በ139 ዶላር፣ ፕሮን በ199 ዶላር ነው ሲሸጥ የቆየው። ኢንተርኔት ላይ በአምስትና በአሥር ዶላር የሚሸጡትን ያያሉ። ቁልፎቹ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ምንጫቸው ብዙውን ጊዜ ከድርጅት ላይሰንስ የሾለከ ወይም ከተጣለ ኮምፒውተር የተወሰደ ነው። ማይክሮሶፍት ሲደርስበት ይዘጋዋል፣ እርስዎም ወደ ዛሬው መልእክት ይመለሳሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ከገዛልዎት ባለ 25 ፊደሉን ቁልፍ ራሱን እንዲልክልዎ ይንገሩት። በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ከስቶር ገዝቶ «ገዛሁልሽ» ካለ ላይሰንሱ ከሱ አካውንት ጋር ይታሰራል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ።

ሌላ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ላይሰንሱ ቢስተካከልም መደበኛው ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ የደኅንነት ማራዘሚያ ተሰጥቷል፤ መመዝገብ ግን ይፈልጋል። የዊንዶውስ 10 ላይሰንስ ለ11ም ስለሚሠራ ሌላ ቁልፍ አይገዙም። ላፕቶፑ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ካለው ከዊንዶውስ አፕዴት በነፃ ወደ 11 ይወጣል። ይህንንም ቢሆን ሒሳብ ከሚዘጉበት ሳምንት ያርቁት። ፒችትሪዎ ያረጀ ከሆነ ደግሞ 11 ላይ መሥራቱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀድመው ይሞክሩ።

ምናልባት ክራኩ ዊንዶውሱን አበላሽቶት ሴቲንግ እንኳ አልከፈት ካለ፣ ያኔም ፎርማት የመጨረሻው ነው። ከማይክሮሶፍት ገጽ የዊንዶውሱን ሙሉ ፋይል ያወርዳሉ፤ ዊንዶውሱ እንደተከፈተ ሴትአፕ የሚለውን ይጫኑና ፋይሎቼንና ፕሮግራሞቼን አስቀምጥ የሚለውን ይመርጣሉ። ዊንዶውስ በራሱ ላይ ይታደሳል፤ ፒችትሪም ባለበት ይጠብቅዎታል። የሚወርደው ከተጫነው ጋር አንድ ዓይነት፣ በቋንቋም አንድ መሆን አለበት። የአሜሪካ እንግሊዝኛና ኢንተርናሽናል እንግሊዝኛ ለዊንዶውስ ሁለት ቋንቋ ናቸው። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት አባክኛለሁ። አስቀምጥ የሚለው ምርጫ ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ይመለሱ፤ «ቀጥል» እንዳይሉት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይድገሙት፤ ያ በኤክስ፣ ፒ፣ አር የሚያልቀውን። ቀን ሳይሆን «ፐርማነንትሊ አክቲቬትድ» ካለዎት ተሳክቷል። ሪስታርት አድርገው በማግስቱ አንዴ ደግመው ይጠይቁት፤ ውሸታሙ ሰርቨር ተደብቆ ከነበረ የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ ፒችትሪን ይክፈቱና የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር ከፓዱ ጋር ያመሳክሩ። ባዮሱ ቁልፍ ካላሳየ ወይም ሳጥኗ ያልጠቀስኩትን ነገር ከጻፈች፣ ያነሷትን ፎቶ ይላኩልኝ። የቁልፉን 25 ፊደል ግን ለእኔም ቢሆን አይላኩ፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ይበቁኛል።